እናቴ ያልተቀመጠችበት ሶፋ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሶፋ ነው። በተለይም በየሳሎኑ ስለገባው፣ በየልደቱና በየምርቃቱ ፎቶ ላይ ከጀርባ ስለምናየው፣ ቁልፍ ቁልፍ እየተደረገበት ስለሚሠራው የቬልቬት ሶፋ። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን ገጽ አንብቧት። የገዛችሁም አትዝለሏት፤ ለእናንተም የሚሆን ነገር አላት።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ዕቃ እንዴት አምሮ ለገዢ እንደሚቀርብ አውቃለሁ፤ ደመወዜንም የማገኘው በዚሁ ነው። መብራቱ ከየት በኩል ሲበራ ቀለሙ እንደሚደምቅ፣ «የቀረን አንድ ብቻ ነው» ሲባል የገዢ ልብ እንዴት እንደሚቸኩል አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ግን ባለፈው ዓመት ለሥልጠና አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ሱቅ ውስጥ ያየሁት ጥቁር አረንጓዴ የቬልቬት ሶፋ ልቤን ወሰደው። በመዳፌ ዳበስኩት፣ ሁለት ደቂቃ ተቀመጥኩበት፣ ፎቶ አንስቼ ለባለቤቴ ላክሁለት፣ ከፈልኩ። ብሩ ስንት ወር የጠበቅሁት የዕቁብ ብር ነበር። ሶፋው በአይሱዙ ተጭኖ፣ በጅማ አድርጎ፣ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቦንጋ ገባ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ነበር። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለን። ከዚያ እናቴ ለፋሲካ ከዉሽዉሽ መጣች። የክብር ቦታ ብዬ ሶፋው ላይ አስቀመጥኳት። ወደ ውስጥ ሰመጠች፤ ጉልበቷ ከወገቧ በላይ ሆነ። ለመነሣት ስትሞክር መደገፊያው ሰፊና ለስላሳ ስለነበር እጇ አንሸራተተ፤ እኔና ባለቤቴ ግራና ቀኝ ይዘን አነሣናት። እሷም ሳቀች፤ እኛም ሳቅን። በማግስቱ ግን ቡናዋን የጠጣችው ማድ ቤት ደጃፍ፣ በርጩማ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው።

«እማዬ፣ ለምን ሳሎን አትገቢም?» አልኳት።

«ልጄ፣ እሱ ለእንግዳ ነው። እኔ እዚህ ይሻለኛል» አለችኝ።

«ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ይባላል። የእኔው ሶፋ ሲያዩት አምሮ ሲቀመጡበት ነው የከፋው። ከዚያ ወዲህ ሶፋ ሠሪዎችን እየጠየቅሁ፣ የራሴንም ሶፋ ከሥሩ እያስገለበጥኩ ያወቅሁትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ። ሁሉም የሚጠቀለለው በሁለት ጥያቄዎች ነው፦ በሶፋው ላይ አብዝቶ የሚቀመጠው ማን ነው? ሶፋው የሚኖረውስ እንዴት ባለ ቤት ውስጥ ነው?

ቬልቬቱና ቁልፉ

ቬልቬት የክር ስም አይደለም፤ የአሠራር ስም ነው። ሁለት ጨርቆች ፊት ለፊት ሆነው አብረው ይሸመናሉ፤ በመካከላቸው የሚያገናኛቸው ክር በስለት ሲቆረጥ ሁለት ባለጸጉር ጨርቆች ይወጣሉ። በመዳፋችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ስትዳብሱት ፈካ፣ ወደ ሌላው ስትመልሱት ጠቆር የሚለው ጸጉሩ ስለሚተኛና ስለሚነሣ ነው። ክሩ ግን ሐር፣ ጥጥ ወይም ፖሊስተር ሊሆን ይችላል። የጥጥ ቬልቬት ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን የፈሰሰበትን ቶሎ ይመጣል፣ ሰው አዘውትሮ የሚቀመጥበት ቦታ ላይም ጸጉሩ ይተኛል። የፖሊስተሩ ፈሳሽ ቶሎ አይመጥም፣ ለማጽዳትም ይቀላል፤ እሳት ግን አይችልም። ከዕጣን ማጨሻ የዘለለች አንዲት ፍም አቅልጣ ትበሳዋለች። ስለዚህ ሻጩን «ቬልቬት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «ክሩ ምንድን ነው?» በሉት።

አያቶቻችን ይህንን ጨርቅ ከፈይ ይሉት ነበር። ካባ ይሠራበታል፤ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላም ይሸፈንበታል። ልብ በሉ፤ ካባው ለበዓል ወጥቶ፣ በዓሉ ሲያልፍ ታጥፎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሶፋ ግን ጠዋት ልጅ ይዘልበታል፣ ቀን እንግዳ ይቀመጥበታል፣ ማታ አባወራው ዜና እያየ ይተኛበታል። የበዓል ጨርቅ ለዘወትር ሥራ ስናውለው የዘወትር እንክብካቤ ይጠይቀናል።

ወደ ቁልፎቹ እንምጣ። ስፖንጅ ሳይኖር በፊት ሶፋ የሚሞላው በፈረስ ጸጉርና በመሳሰለው ነበር። ሙሌቱ እየተንሸራተተ አንድ ቦታ እንዳይከማች በክርና በቁልፍ ወግተው ይይዙት ነበር። ጎድጎድ ጎድጎድ ያለው ቅርጽ የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ ስፖንጁ ወጥ ስለሆነ ቁልፉ በአብዛኛው ለጌጥ ነው። ጌጥ ክፋት የለውም፤ የት ቦታ እንደዋለ ግን ማየት ያስፈልጋል። ጀርባው ላይ ያለ ቁልፍ ብዙ አያስቸግርም። መቀመጫው ላይ ያለው ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ የፈንዲሻ፣ የአቧራና የዳቦ ፍርፋሪ ማጠራቀሚያ ነው፤ ረዘም ላለ ጊዜ ለተቀመጠም ይቆረቁራል። ምክሬ አጭር ነው፦ ቁልፍ ከወደዳችሁ ጀርባው ላይ ይሁን፤ መቀመጫው ሜዳ ይሁን፤ ከተቻለም ዚፕ ያለውና ተገልብጦ በሁለቱም ፊት የሚሠራ ትራስ ይሁን።

ምቾት በሜትር ይለካል

ሱቅ ስትሄዱ ሜትር ያዙ። ከዚያ በፊት ግን ቤት ውስጥ አንድ ነገር ለኩ፤ በቤታችሁ ሶፋ ላይ አብዝቶ የሚቀመጠው ሰው፣ ወይም ለመነሣት የሚቸገረው ሰው፣ ጫማውን አድርጎ ከወለል እስከ ቋንጃው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? የእናቴ 42 ነው። የሶፋው መቀመጫ፣ ሰው ተቀምጦበት ረገብ ካለ በኋላ፣ ከዚህ ልክ ማነስ የለበትም። ጉልበት ለሚያመው ሰው እንዲያውም ትንሽ ከፍ ቢል መነሣት ይቀለዋል። የእኔ ሶፋ ባዶውን 38 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ሲቀመጡበት ወደ 30 ይወርዳል። እናቴ የሰመጠችው ስላረጀች አይደለም፤ 12 ሴንቲ ሜትር ስለጎደለ ነው።

ቀጥሎ ጥልቀቱ አለ። ወደ ኋላ ገብታችሁ ጀርባችሁን መደገፊያው ላይ ስታሳርፉ በቋንጃችሁና በመቀመጫው ጠርዝ መካከል ሁለት ሦስት ጣት ማስገባት መቻል አለበት። ካልገባ ጥልቀቱ በዝቷል፤ ወይ እግራችሁ ይንጠለጠላል፣ ወይ ጀርባችሁ ሳይደገፍ ይቀራል። በጥልቅ ሶፋ ላይ ትራስ መደርደር የተለመደው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ጥልቀቱን ለማሳጠርም ነው።

ሦስተኛው የክንድ መደገፊያው ነው። ሰው ከሶፋ የሚነሣው በእግሩ ብቻ ሳይሆን በክንዱም ነው። መደገፊያው እጅ ሲጫነው የማይሰምጥ፣ መዳፍ የሚይዘው ጠርዝ ያለው መሆኑን ፈትሹ። በመጨረሻም በትንሹ 15 ደቂቃ ተቀመጡበት። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። ሁለት ደቂቃ የተቀመጠ ሰው ልስላሴን እንጂ ምቾትን አይለካም። እጃችሁን ሳትደግፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀምጣችሁ ተነሡ። አብሯችሁ የሄደ ሰው ካለ ከጎናችሁ ይቀመጥ፤ እሱ ሲቀመጥ እናንተን ወደራሱ የሚያንሸራትታችሁ ከሆነ የውስጡ ድጋፍ ደካማ ነው።

ከጨርቁ ሥር ያለው

ስለ ስፖንጅ ስትጠይቁ «ጠንካራ ነው» የሚል መልስ አይብቃችሁ። ዴንሲቲ የሚባለው የአንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ክብደት በኪሎ ግራም ነው። ከጥንካሬው ጋር አንድ አይደለም፤ ጠንካራ ሆኖ ቀላል የሆነ ስፖንጅ አለ፤ እሱ ነው ቶሎ የሚሞተው። ለመቀመጫ 30 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ፤ ለጀርባ ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ትራሱ ዚፕ ካለው ከፍታችሁ እዩ፤ አንዳንዴ ላዩ ጥሩ ሆኖ ውስጡ የተቀጣጠለ ቁርጥራጭ ይሆናል።

ፍሬሙን ለመፈተን ሶፋውን ከፊት እግሮቹ በአንዱ በኩል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት። ሌላኛው የፊት እግር አብሮ ከተነሣ ፍሬሙ ጽኑ ነው፤ መሬት ላይ ከቀረ እንጨቱ ይጠመዘዛል ማለት ነው። እንጨቱ በደንብ መድረቁንም ጠይቁ። ያልደረቀ እንጨት በሳሎናችሁ ውስጥ ሲደርቅ ይጣመማል፣ መጋጠሚያው ይላላል፣ ሶፋው ሲጥ ሲጥ ማለት ይጀምራል። ከሥር የተዘረጋው ላስቲክ ቀበቶ ከሆነ መወጠሩን፣ ሞላ ከሆነ አለመጮኹን በእጃችሁ ተጭናችሁ አረጋግጡ።

ቁልፎቹንም በጣታችሁ ሳብ አድርጉ። ጥሩ ሥራ ከሆነ የቁልፉ ክር ስፖንጁን አልፎ ከኋላ ታስሯል። በሙጫ የተለጠፈ ወይም ላይ ላዩን የተሰፋ ከሆነ ልጅ በሳምንቱ ነቅሎት በእጁ ይዞት ይመጣል። ትርፍ ቁልፍ አምስት ስድስት አብሮ እንዲሰጣችሁ አሁኑኑ ጠይቁ፤ በኋላ ያው ጨርቅ አይገኝም።

ለጨርቁ ሦስት ፈተናዎች አሉ። ጨርቁን ወደ ኋላ አጠፍ አድርጋችሁ ጸጉሩ ተከፍሎ የሥሩ ሽመና ጎልቶ ከታየ ጸጉሩ ሳሳ ያለ ነው። ነጭ መሐረብ አርጥባችሁ በማይታይ ቦታ ስታሹት ቀለም ከለቀቀ፣ ነገ የልጃችሁን ነጭ ልብስም ያቀልማል። የውጭ ዕቃ ከሆነ ደግሞ መለያ ወረቀቱ ላይ የማጽጃ ፊደል ፈልጉ። «ደብልዩ» ማለት በውሃና በሳሙና አረፋ ይጸዳል፤ «ኤስ» ማለት ውሃ አይንካው፣ በደረቅ ማጽጃ ብቻ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ካሉ በሁለቱም ይሆናል፤ «ኤክስ» ከሆነ ግን ብሩሽና ቫኪዩም ብቻ ነው የተፈቀደው። ሕፃናት ባሉበት ቤት «ኤክስ» ያለበትን ሶፋ ማስገባት ራስን ማስጨነቅ ነው።

ቬልቬት በካፋ ዝናብ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ፤ ወደ ቤቱ። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በደን የተከበበች ከተማ ናት። በካፋ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል፤ የሚዘንበውም በክረምት ብቻ አይደለም። ደኑን ያቆመው፣ ቡናችንን በጥላ ሥር ያበቀለው፣ በ2002 ዓ.ም. ካፋን በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ ያስመዘገበው ደን የሚኖረው በዚህ እርጥበት ነው። ለቡና የተስማማው እርጥበት ግን ለቬልቬት አይስማማም። ሻጋታ የሚወደው እርጥበት ያለው፣ ነፋስ የማይነካው፣ አቧራ የተጠራቀመበት ቦታ ነው። በቁልፍ የተጎደጎደ ሶፋ እንዲህ ያለ ቦታ በየጉድጓዱ አለው።

ስለዚህ ሶፋውን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ መዳፍ አርቁት፤ ከኋላው ነፋስ ይለፍ። እግር የሌለውና መሬት ላይ የሚያርፍ ሶፋ ለእኛ አገር አልመክርም፤ ወለል ስንወለውል ውሃው ጨርቁን ይነካዋል። ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት መስኮት ክፈቱ፤ ፀሐይዋ በቀጥታ ሶፋው ላይ እንዳታርፍ ግን መጋረጃውን ሳብ አድርጉ፤ ቀለሙን ታጠፋዋለችና። በዝናብ የራሰ ጃኬት ወይም ያልደረቀ ልብስ ሶፋ ላይ አትጣሉ።

አንድ ልማዳችንን ደግሞ ልንገራችሁ። ሶፋው እንዳይቆሽሽ ብለን የመጣበትን ላስቲክ ሳናወልቅ ዓመት እናስቀምጠዋለን። እኔም ለሁለት ወር ትቼው ነበር። ላስቲኩ አቧራ ይከላከላል፤ እርጥበቱን ግን ውስጥ ያፍነዋል። ባወለቅሁት ቀን ከኋላ በኩል የእርጥብ ቤት ሽታ ሸተተኝ። መሸፈን ካስፈለገ አየር የሚያሳልፍ የጥጥ የሶፋ ልብስ ይሻላል፤ በየሁለት ሳምንቱም አውልቃችሁ እጠቡት።

በየሳምንቱ አቧራውን አንሡ። ቫኪዩም ካላችሁ ለስላሳውን ጫፍ ተጠቀሙ። ከሌላችሁ ለስላሳ የልብስ ብሩሽ ይበቃል፤ በጸጉሩ አቅጣጫ ጥረጉ። ለቁልፎቹ ዙሪያ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ግን አዲስ የቀለም ቀቢ ብሩሽ ነው። ሁለት ጣት የሚሰፋው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ፍርፋሪውን ያወጣል። ያገለገለ ሶፋ የምትገዙ ካላችሁ ደግሞ በባትሪ ብርሃን የቁልፎቹን ሥርና ስፌቱን አንድ በአንድ እዩ፤ ትኋን የሚደበቀው እዚያ ነው።

ቡና ሲደፋ፣ ጭቃ ሲነካው

በቡና አገር ተቀምጠን ሶፋችን ቡና አይነካውም ማለት አይቻልም። ሲደፋ ዋናው ነገር አለማሸት ነው። ማሸት ቡናውን ወደ ሥር ይወስደዋል፣ ጸጉሩንም ያበላሸዋል። ወዲያው ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አምጡና ጫን፣ ነሣ፣ ጫን፣ ነሣ እያደረጋችሁ ምጠጡት፤ ከዳር ወደ መሐል። መለያው ውሃ ከፈቀደ በቀዝቃዛ ውሃ ትንሽ ለስላሳ ሳሙና መትታችሁ አረፋውን ብቻ ተጠቀሙ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ አንሡት። ሲደርቅ በብሩሽ ጸጉሩን ቀና አድርጉት። በረኪና በጭራሽ አይንካው። ማንኛውንም ነገር ከማድረጋችሁ በፊትም ከኋላ በማይታይ ቦታ ሞክሩት።

ጭቃ ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ትዕግሥት። የካፋን ቀይ ጭቃ እርጥብ ሳለ ከነካችሁት ትቀቡታላችሁ። ተዉት ይድረቅ፤ ከዚያ በብሩሽ ሲነካ ይረግፋል። ሻማም እንደዚሁ ነው፤ ይጠንክር፣ ከዚያ በጥፍር ቀስ ብላችሁ አንሡ። የተኛ ጸጉር ለመመለስ ካውያ አታስነኩት። ካውያው እንፋሎት የሚሰጥ ከሆነ ከጨርቁ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ እንፋሎቱን ብቻ አስነኩትና በብሩሽ ቀና አድርጉት። የዕጣን ማጨሻውንና ምድጃውን ደግሞ ከሶፋው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ለፖሊስተር ፍም ይቅርታ የላትም።

የእኔ ሶፋ ምን ሆነ?

እናቴ ወደ ዉሽዉሽ ከተመለሰች በኋላ ሶፋውን ለመሸጥ አስቤ ነበር። ባለቤቴ «አናጺ ይየው» አለኝ። እዚሁ ቦንጋ ያለ ሶፋ ሠሪ መጥቶ ገለበጠው። እግሮቹን በረዘሙ እግሮች ተካ፤ የመቀመጫውን ስፖንጅ ዴንሲቲው 30 በሆነ ለወጠ። የመቀመጫው ቁልፎች ሲነሡ ግን የወጉበት ቦታ ቀዳዳው ቀረ፤ ስለዚህ መቀመጫው አዲስ ጨርቅ አስፈለገው። ያንኑ አረንጓዴ ብንፈልግ ብንፈልግ አጣን። ቀረብ የሚለውን ወሰድን። ዛሬ ሶፋዬ ጀርባው አንድ አረንጓዴ፣ መቀመጫው ሌላ አረንጓዴ ነው። ፎቶ ላይ ይታያል።

የወጣውን ገንዘብ ሳሰላው የሚቆጨኝ ነገር አለ። ከመጀመሪያው እዚህ ላለ ባለሙያ ጨርቅና ስፖንጅ ገዝቼ ብሰጠው ኖሮ፣ የመጓጓዣው ይቀርልኝ ነበር፤ ልኩንም ቤት ድረስ መጥቶ ይወስድልኝ ነበር። ሱቅ ያለ ሶፋ ለማንም ተብሎ የተሠራ ነው። አናጺ ግን «ከወለል እስከ ቋንጃ ስንት ይሁን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። በየከተማው ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ከአዲስ አበባ ከማስጫናችሁ በፊት የሰፈራችሁን ባለሙያ አንድ ጊዜ አነጋግሩ።

እናቴ ለመስቀል መጣች። እኔ ምንም አላልኳትም። ቡናው ተፈልቶ ሲያልቅ በርጩማዋን ፈልጋ ማድ ቤት ገባች፤ ሆን ብዬ ደብቄው ነበር። ተመልሳ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እንደ እንግዳ፣ ቁጭ አለች። ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ገባች። ሁለተኛው ሲኒ ሲመጣ ጀርባዋን ደግፋ ነበር። ሦስተኛውን ጠጥታ መረቀችንና መደገፊያውን ይዛ ብቻዋን ተነሣች።

«ቀለሙ ምነው ሁለት ሆነ?» አለችኝ ቆማ እያየችው።

«ጨርቁ አልቆ ነው» አልኳት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ሶፋ ልትገዙ ስትሄዱ ፎቶ አንስታችሁ ለቤተሰብ ከመላክ ይልቅ፣ ከቻላችሁ፣ በቤታችሁ ጉልበቱን የሚያመውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ካልቻላችሁ ልኩን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።